ዶቅማ የበሉ ሽማግሌዎች

አቶ ሙሉሰው ለሽምግልና ሲጠሩ ነጭ ኩታቸውን ሳያስተኩሱ ከቤት አይወጡም። እሳቸው የገቡበት ጉዳይ ከሽፎ አያውቅም ይባላል፤ እሳቸውም ይህን ወሬ አስተባብለው አያውቁም። ያን የግንቦት ቅዳሜ የወንድማቸውን ልጅ የምናለን ጉዳይ ይዘው፣ ከመሪጌታ አካለ ወልድ ጋር ከደምበጫ ተነሡ። ምናለ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አናጢ ነው። የሚፈልጋት ሶልያና ደግሞ በገጠር ጤና ኬላ የምትሠራ፣ የወይዘሮ ሥራነሽ አንድያ ልጅ ናት። እናትየው ከዚህ በፊት የመጡ ሽማግሌዎችን በባዶ እጅ ሸኝተዋል፤ አቶ ሙሉሰው ለዚህ ነው ንግግራቸውን እንደ ዳዊት በቃላቸው የያዙት።

የተሳፈሩበት ባጃጅ ጭቃውን ፈርቶ ከወይዘሮ ሥራነሽ ሰፈር በታች ካለው ወንዝ ወዲህ አወረዳቸው። ፀሐዩ ከረር ብሏል። ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ ከሰው ቤት እህል አይቀምስም፤ እነሱ ደግሞ ከቤታቸውም ሳይቀምሱ ነው የወጡት። በዚያ ላይ የመሪጌታ ሆድ ከትናንት ጀምሮ ሲያጉረመርም ነበር።

ወንዙን ሲሻገሩ አንዲት ዶቅማ ፍሬዋ በስሎ፣ ጠቁሮ፣ ቅርንጫፏ ጎብጦ አገኟት። መሪጌታ ከሥሯ ቆሙ። ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው እናታቸው የዚህችን ዛፍ ቅርፊት አፍልታ ታጠጣቸው እንደነበር፣ ፍሬዋም ለደከመ ሰው ጉልበት እንደሆነ ነገሩ። አቶ ሙሉሰው ሽማግሌ መንገድ ላይ አይበላም ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ መሪጌታ በመቋሚያቸው ቅርንጫፉን ስበው ዘለላውን አፍንጫቸው ሥር አደረሱላቸው።

አንዷን ቀመሱ። ጣፈጠቻቸው፤ ምላሳቸውንም ሰብሰብ አደረገቻቸው። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው! አቶ ሙሉሰው ጫማቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ወጡ። ከላይ ያለችው ትበልጣለች፣ የለም የታችኛዋ ትበልጣለች እያሉ ተከራከሩ። ቅርንጫፉ ከአቶ ሙሉሰው እጅ አምልጦ ተመልሶ ቆባቸውን ሲያወልቅባቸው መሪጌታን ሳቃቸው አስቀመጣቸው። ሲነሡ ሆዳቸው ዝም ብሏል። ከሳቁም ይሁን ከዶቅማው፣ እሳቸው ለዶቅማው ሰጡት።

ወይዘሮ ሥራነሽ ደጅ ሲደርሱ ግን ፊታቸውን አስተካክለው፣ ግቡ ተቀመጡ ቢባሉም እንደ ደንቡ ጉዳይ አለን ብለው ቆሙ። አቶ ሙሉሰው ንግግራቸውን ጀመሩ። ወይዘሮ ሥራነሽ ዓይናቸውን ከተናጋሪው አፍ ላይ አልነቀሉም። ሶልያና በበሩ ጥግ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። አቶ ሙሉሰው ግራ ገብቷቸው ወደ መሪጌታ ዞሩ፤ የመሪጌታ ከንፈር፣ ጥርስና ነጭ ጢም እንደ ወይን ጠጅ ሆኗል። ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ኩታ አጎነበሱ። ኩታው ከዚያም ይብሳል።

ንግግሩ ከአእምሯቸው ብን ብሎ ጠፋ። መሬት ብትውጣቸው ወደዱ፤ ከውስጣቸው ግን ሳቅ እየገፋ መጣ።

“ምን ነክቷችሁ ነው?” አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ።

መሪጌታ እንደ ንስሐ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው፣ “ዶቅማ ነው” አሉ።

ሶልያና ከዚያ በላይ መቻል አቃታት። “ቫይታሚን በብልቃጥ አትፈልጉ፣ ለልጆቻችሁ የዶቅማ ፍሬ ስጡ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ለእናቶች ስለፈልፍ፣ ሰሚ ያገኘሁት ከሽማግሌ ነው” አለች። ደጁ በሳቅ ተሞላ።

ወይዘሮ ሥራነሽ ዓይናቸውን ጠራርገው የጠየቁት ስለ ምናለ አልነበረም፤ ዛፏ የትኛዋ እንደሆነች፣ ምን ያህል እንደተረፈባት ነው። በሰፈራቸው የነበሩት ሁሉ ለማገዶ ተቆርጠው ካለቁ ወዲህ ዶቅማ እንዳማራቸው ነበር። እንቅብ አንሥተው ቀድመው ወጡ፤ ሽማግሌዎቹም ልጅቱም ተከተሉ።

ጉዳዩ ያለቀው ዛፏ ሥር ነው። አቶ ሙሉሰው ቅርንጫፍ እንደያዙ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ሥራነሽ በሁለት ጉንጫቸው ሙሉ ዶቅማ ይዘው አንድ ነገር አሉ፤ ማንም አልሰማም። መሪጌታ እባክዎ ይድገሙልን አሏቸው።

ዋጡና ዘሩን ተፍተው፣ “ልጅቱ ከወደደች ሰጥቻለሁ። በልቶ የሚለምን ሽማግሌ አይቼ አላውቅም፤ እናንተ ግን አፋችሁን በዶቅማ ቀብታችሁ መጣችሁ፤ በምን ፊት ልቆጣችሁ?” አሉ። ሶልያና መሬት መሬት እያየች ወድጃለሁ አለች።

አቶ ሙሉሰው የምሥራቹን ሊናገሩ ለምናለ ደወሉ። ሳቅ አላስወራቸው ሲል ልጁ የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ። መሪጌታ ስልኩን ተቀበሉ፤ የእሳቸው ሳቅ ደግሞ ባሰ። ስልኩን ሶልያና ወሰደችና ራሷ ነገረችው።