ሳይሰናበት የወጣው ቆራጭ

ጋሽ ሜትር የመልቀቂያ ወረቀቱን ያስገባው ሐሙስ ጠዋት፣ ሠራተኞቹ ገና ሳይገቡ ነበር። አራት ቦታ አጥፎ በኪሱ ያመጣውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ በመዳፉ ዳበሰው፣ ከዚያም እጁን አጣምሮ ቆመ።

በልብስ ስፌት ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ ቆራጭ ሆኖ ሠርቷል። «ሜትር» ያሉት ሰውን ከሩቅ አይቶ የትከሻውን ስፋት ስለሚናገር ነው፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ነበር።

ሁሉም «እትዬ» የሚሏት የስፌት ቤቱ ባለቤት ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። ከአንድ ወር በኋላ በገዛ ፈቃዴ እለቃለሁ ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ከሟች ባሏ ጋር በሁለት የስፌት መኪና ሥራ ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ጨርቅ የቆረጠው ጋሽ ሜትር ነበር። ባሏ ካረፈ ወዲህም ሥራ መሀል ድንገት ቀና ብሎ «እሱ ቢኖር ይሄን ቀለም አይወደውም ነበር» የሚላት ሰው ከእሱ ሌላ አልነበራትም። ሌላ ከተማ የሚኖረው ልጇ እሁድ እሁድ ይደውላል። «ደህና ነሽ?» ይላታል፣ «ደህና ነኝ» ትለዋለች፣ በቃ።

ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ሆዷ ባባ። አፏ ላይ ሲደርስ ግን ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«ወሩ ምን ያደርግልሃል? ቁልፉን አስቀምጥና ዛሬውኑ ሂድ።»

«ኧረ ተይ እህቴ፣ ላስረዳሽ እኮ ነው የመጣሁት…»

«ወረቀቱ አስረድቶኛል።»

ጋሽ ሜትር የቁልፍ ቀለበቱን ከኪሱ አወጣ። ቁልፉን ከቀለበቱ ለማውጣት ታገለ፤ አርባ ድርብ ጨርቅ ሳይዛነፉ የሚቆርጡ ጣቶቹ እምቢ አሉት። እትዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። በመጨረሻ ቁልፉን አስቀምጦ፣ መቁረጫ ክፍል ገብቶ ጃኬቱን አነሣና በጓሮ በር ወጣ።

ሠራተኞቹ ሲገቡ እትዬ መሀል ክፍሉ ላይ ቆማ «ጋሽ ሜትር ለቋል። ወደ ሥራችሁ» አለቻቸው። አንድ መኪና ተነሣ፣ ቀጥሎ ሌላው። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ድሮ እትዬ በሩን ከፍታ ስትገባ ጨዋታው አይቋረጥም ነበር፤ አሁን የጫማዋ ድምፅ ሲሰማ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ምሳ ሰዓት ላይ እነሱ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ምሳ ዕቃቸውን ይከፍታሉ፤ እሷ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ምሳ ዕቃዋን ትዘጋለች። በሦስተኛው ሳምንት የአዝራር ቀዳዳ የምትሠራው ሴት ሰኞ ቀረች፣ ማክሰኞም ቀረች፤ ስልኳ ዝግ ነው። አሥር ቀን ሳይሞላ ደግሞ ልብስ ተኳሹ ካውያውን ነቅሎ፣ ገመዱን በሥርዓት ጠቅልሎ እንደወጣ በዚያው ቀረ።

እትዬ ከሁሉም አንጋፋ የሆነችውን ኮሌታ ሰፊ ቢሮዋ ጠራቻት። ሰፊዋ ነገር ማለሳለስ አታውቅም።

«ምን በድያቸው ነው ሳይነግሩኝ የሚጠፉት?» አለቻት እትዬ።

ኮሌታ ሰፊዋ ደረቷ ላይ የሰካቻቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ እየነቀለች መለሰችላት።

«የነገረሽን ሰው ምን እንዳደረግሽው ሰምተናል እኮ፣ እትዬ።»

በዚያው ሰሞን የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሥራ መጣ። በጋሽ ሜትር ቦታ የተቀጠረው አዲሱ ቆራጭ እጁ ጥሩ ነው፤ ግን ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉት የካርቶን ንድፎች ቁጥር የላቸውም። የትኛው እጅጌ ከየትኛው ደረት ጋር እንደሚሄድ የሚያውቀው ጋሽ ሜትር ብቻ ነበር። አርባ እጅጌ ተቆረጠ፣ አንዱም አልገጠመም። እትዬ የተበላሸውን ጨርቅ ታቅፋ መቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሜትር ያ አንድ ወር ለምን እንዳስፈለገው የገባት ያን ጊዜ ነው።

እሁድ ከሰዓት ሰው እየጠየቀች የጋሽ ሜትርን ቤት አገኘችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲሠሩ አንድ ቀን ደጁን ረግጣ አታውቅም። በሩን የከፈተው ራሱ ነበር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ግቢ» አላት። ቁጣም ደስታም ፊቱ ላይ አልነበረም። ሚስቱ ሻይ ቀድታ ሰበብ ፈልጋ ወጣች።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች እትዬ፣ ከተቀመጠች ቃሉ እንደማይወጣት ስለገባት እንደቆመች። «የት ልትሄድ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁህም።»

«አልጠየቅሽኝም።» ወንበር ሳበላት። «ሙያ ማሠልጠኛ አስተምርልን ብለውኝ ነው። ሥራው አስጠልቶኝ እንዳይመስልሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ‹ስንት ተቆረጠ?› ያለኝ ብዙ ነው፣ ‹እንዴት ነው የምትቆርጠው?› ያለኝ ግን የለም። ሳልሞት አንድ ሰው ይጠይቀኝ ብዬ ነው።»

እትዬ ጥፍሯን አየች።

«ሚስቴ ‹ትቆጣሃለች› ስትለኝ ‹እሷን አታውቂያትም› አልኳት» አለ ጋሽ ሜትር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የቆጨኝ በጓሮ በር መውጣቴ ነው። ሰው ሳልሰናበት፣ እንደ ሌባ።»

ሻዩ ከፊቷ እንዳለ ቀዘቀዘ።

«ተመለስ አልልህም» አለች ቆይታ።

«ብትዪኝም አልመለስም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ቅዳሜ ግን መጥቼ ንድፎቹ ላይ ቁጥር እጽፍላችኋለሁ።»

ቅዳሜ በፊት ለፊት በር ገባ። መኪኖቹ ሁሉ በአንዴ ቆሙ። ኮሌታ ሰፊዋ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ «ከስተሃል!» አለችው። እሱ ራቅ አድርጎ አያትና «አንቺ ደግሞ አራት ሴንቲ ጨምረሻል» ሲላት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬም በር ላይ ቆማ ሳቀች፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተዋት ስለነበር ግን አላዩዋትም።

ሳቁ በረድ ሲል ወደ መሀል ገባች። «ጋሽ ሜትርን ያስወጣሁት በማይገባ መንገድ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላዋ ክር መፈለግ ጀመረች። እሷም መልስ ሳትጠብቅ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

አምስት ወር እንዳለፈ ኮሌታ ሰፊዋ ወረቀት ይዛ ወደ እትዬ ቢሮ መጣች። ያቺ ደፋር ሴት በሩ ላይ ቆማ ወረቀቱን ታጣጥፍ ነበር። እትዬ ወረቀቱን ሳታነበው ገባት። ተነሥታ በሩን ዘጋች፣ ወንበር አቀረበች።

«ተቀመጪ። መጀመሪያ ካንቺ አፍ ልስማው።»

ሰፊዋ ከእህቷ ጋር የራሳቸውን ስፌት ቤት ሊከፍቱ ነው። እትዬ ሳታቋርጣት ሰማች። ማን ቢተካት እንደሚሻል ጠየቀቻት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ዛሬውኑ እጽፍልሻለሁ አለቻት፣ ለሽኝት የሚመቻትን ቀን አብረው መረጡ።

«አልተቆጣሽም?» አለች ሰፊዋ፣ ጆሮዋን ማመን አቅቷት።

«ከፍቶኛል። እሱ ግን የራሴ ጉዳይ ነው፣ አንቺ ላይ አልጭነውም።»

በመጨረሻው ቀን ሁሉም እስከ ውጭው በር ሸኟት። ሰፊዋ መንገዱን ስትሻገር ሁለቴ ዞራ እጇን አወዛወዘች፣ ከዚያ መታጠፊያው ጋ ተሰወረች። ሰዎቹ ወደየአቅጣጫቸው ተበተኑ። አንዷ ብቻ ወደ ኋላ ዞር ብላ «ነገ እንገናኝ፣ እትዬ» አለቻት።

«ነገ እንገናኝ» አለች እትዬ።

መብራቱን አጥፍታ ቆለፈች። የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነበር፤ እሷን ቤት የሚጠብቃት ሰው ስላልነበር ሰልፉን ትታ በእግሯ አዘገመች።