የቤቱ በርገር ጨው

ሰው የገዛ ጉዱን በሚዛን መዝኖ ያውቃል? እሷ መዝናለች። ያውም ሦስት ጊዜ።

ሥራዋ ምግብ መመርመር ነው። ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ሰው የሚበላውን እየፈጨች፣ እያደረቀች፣ እያቃጠለች፣ ጨውና ስቡን ለክታ ወረቀት ላይ ታወጣለች። ዶክተር አይደለችም። እናቷ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ "ዶክተሯ ልጄ" እያለች ስለምታወራ፣ እቤት ውስጥ ስለ ምግብ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው እሷ ነች። ጉድ የሠራትም ይኸው ነው።

አባቷ ደም ግፊቱ ጥሎት አልጋ ላይ ከዋለ አምስት ወሩ ነው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ አንደበቱም ተይዟል። የወደቀ ቀን ከኮቱ ኪስ ውስጥ የበርገር መጠቅለያ ተገኘ፤ ታናሽ ወንድሟ ከሚሠራበት በርገር ቤት የወጣ። ለካ ሰውየው ከሥራ ሲመለስ ልጁ ጋ ጎራ ይል ኖሯል! ሐኪም "የውጭ ምግብ ይቅርብህ" ካለው ሁለት ዓመት ሆኖት፣ ሚስቱ በርገር ይወዳል ብላ እቤት ውስጥ እየሠራችለት! እናቷ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ መጠቅለያውን ጨምድዳ ይዛ፣ "ይሄ ነው አይደል የጣለው፣ ዶክተሯ?" አለች።

"ሌላ ምን ይሆናል! የሚሸጡት እኮ ጨውና ስብ ነው" አለች ልጅቷ፣ ወንድሟን ዓይን ዓይኑን እያየች።

እሱ አፉን ከፈት አደረገና መልሶ ገጠመው። እናቷም "ሁለተኛ ደጄን ብትረግጥ እኔ እናትህ አይደለሁም" አለችው። በዚያው ቀረ።

አባትየው ግን መጠበቁን አልተወም። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ዓይኑን ወደ በሩ ይልካል። ሁለተኛ ከጣለው እንደማይነሳ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ልጁን ሳያይ ይሄዳል ብሎ የሚፈራ ግን ከዚያ ቤት አልነበረም፤ እዚያ ቤት ንዴት ነበራ የሚበላው፣ የሚጠጣው።

እንዲህ ባለበት ነው አለቃዋ "የበርገር ቤቶቹን ምግብ ከቤት ከሚሠራው ጋር አወዳድሪልኝ" ብሎ ያዘዛት። ከስድስት በርገር ቤቶች ናሙና መጣ። ወንድሟ የሚሠራበትም አንዱ ነው። የቤቱን "እኔ አመጣለሁ!" ብላ ቀድማ እጇን ያወጣች ማን ሆነችና! እናቷም ደስ ብሏት፣ ለአባቷ ከሠራችው አንዱን ጠቅልላ ሰጠቻት። "ይዩት! ንጹሕ ሥጋ፣ ንጹሕ እጅ" አለች።

ውጤቱ ሲወጣ ልጅቷ ክው አለች። የበርገር ቤቶቹ አንዱ በርገር ሁለት ግራም፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል ግራም ጨው አለው። የእናቷ አራት ተኩል! ስቡም ቢሆን የሚያስመሰግን አልነበረም። በርገር ቤቶቹ ቅዱሳን ናቸው ማለት አይደለም፤ ዳቦውና ሶሱ ስኳር በስኳር ነው፣ ሰላጣው ለስም ነው። ጨዉ ላይ ግን እናቷ ሁሉንም አስከነዳቻቸው። ደግማ ለካች። መሣሪያውን አጥባ፣ አስተካክላ ሠለሰች። ያው ነው። ለአንድ በሽተኛ የተፈቀደውን የቀን ጨው እናቷ በአንድ ዳቦ መሃል ሸጉጣ ታጎርሰዋለች።

ቁጭ ብላ አሰበችው። ሥጋው ሲታሽ አንድ እፍኝ፣ ከላዩ ሁለት ፍሬ የሾርባ ቅመም፣ ሲጠበስ ጨው ያለው ቅቤ፣ ሲወጣ ደግሞ "ለጣዕም" ነስነስ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗ እያየ! አንድ ቀን እንኳ "እማዬ፣ ጨው ቀንሺ" አላለችም። እቤት የተሠራ ምግብ ሰው ይጥላል ብላ ታስብ ነበር? አታስብም። ዝም ብሎ አልታያትም። እሷም ተምሬያለሁ ትላለች!

በማግስቱ ወንድሟ ሥራ ቦታ ሄደች። ከበርገር ቤቱ ጓሮ፣ ባዶ የዘይት ጀሪካን ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ወረቀቱን ሰጠችው። አይቶ መለሰላት።

"አውቃለሁ" አላት።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"ሥጋው እኛ ጋ ሲመጣ ጨው የለውም። ጨዉን የምንነሰንሰው ብረቱ ላይ ሲጠበስ ነው። ለአባዬ አልነሰንስለትም ነበር። ሶስ የለ፣ አይብ የለ፤ ሥጋና ሰላጣ ብቻ። 'የእናትህ ጨው በዛብኝ፣ እንዳትነግራት፣ ይከፋታል' ይለኝ ነበር። እኔ ጋ ጠገብ ብሎ ይገባና የሷን ግማሽ ግማሹን ይተዋል።"

ልጅቷ ግማሽ ሲተው ታስታውሳለች። እናቷ "ጣዕም አንሶት ነው" ብላ በማግስቱ ጨው ስትጨምርም ታስታውሳለች።

"ታዲያ ያን ቀን ምነው ዝም አልክ?"

"አንቺ ፈርደሽ ማን ይሰማኛል?" አለና ተነሣ። "እሱም አትንገራት ብሎኛል። ወድቆ ደግሞ ቃሉን ላፍርስበት?"

አለቀሰች። ይቅርታ ጠየቀችው። ቅዳሜ ይዛው እንደምትሄድ፣ ወረቀቱን ስታይ እናታቸው ራሷ ሮጣ በሩን እንደምትከፍትለት ማለችለት። ልጁም አመናት፤ ዶክተሯ ናታ!

ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ደረጃው ላይ አቁማው ገባች። እናቷ ወጥ ቤት ሥጋ እያሸች ነበር። ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጨዉን፣ ወንድሟን፣ አባቷን። እናቷ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው።

"ማሽን ይሳሳታል።"

"ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ እማዬ።"

እናቷ የታሸውን ሥጋ ከነሳህኑ ቆሻሻው ውስጥ ገለበጠችው። እጇን መታጠብ ጀመረች፤ ታጠበች፣ ታጠበች።

"አባትሽ ያውቅ ነበር?"

"ያውቅ ነበር። እንዳይከፋሽ ብሎ ነው።"

"ልጁም?"

"እሱም። በር ላይ ነው ያለው፣ ላስገባው?"

"አይግባ።"

"እማዬ! ጥፋቱ የሱ አይደለም እያልኩሽ!"

"ለዚህ ነዋ!" ጮኸች እናቷ። "የሱ መስሎኝ ሳባርረው ፊቱን ማየት አስጠልቶኝ ነበር። አሁንስ? ምን ብዬ ነው ዓይኑን የማየው? አባትህን በእጄ እያጎረስኩ የጣልኩት እኔ ነኝ ልበለው?"

"እኔም እኮ ጥፋተኛ ነኝ።"

"አንቺማ ምን አለብሽ" አለች እናቷ። "ወረቀት አለሽ።"

እናቷ አልፋት ሄዳ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው፣ ቁልፉንም ነቅላ ጡቷ ሥር ከተተችው። ከማዶ ልጁ ሰማ።

"እማዬ?" አለ። አንኳኳ። "እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

አባትየው መኝታ ቤት ውስጥ መጮህ ጀመረ፤ ቃል የሌለው፣ ሆድ የሚበላ ድምፅ። እናቷ በሩን ተደግፋ፣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ፣ "ሂጂ አረጋጊው" አለቻት። "ልጅህ ሥራ ነው ያለው በይው።"

ልጅቷ ሄዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የአባቷን ደህናውን እጅ ያዘች።

"ሥራ ነው ያለው፣ አባዬ" አለችው። "ይመጣል።"

አባቷ ጆሮው ደህና ነበር። በሩ አሁንም እየተንኳኳ ነው።