አሥራ ሦስተኛው አጥቂ

ሳቬሊ ከአልጋው ዘሎ ሲወርድ ዛካር ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ፍራሹ ጠርዝ ላይ አስደግፎ፣ አየር ለመሳብ ይታገል ነበር።

“ዛካር! ዛካር ሊቮቪች! ምን ሆኑ?”

“አትጩህ” አለ ሰውየው ጥርሱን ነክሶ። “በሩ ተዘግቷል?”

በሩማ ተዘግቷል። የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ባለበት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ቡድኑ በሚያርፍበት ካምፕ ውስጥ መተኛት ግዴታ ነው። መጋረጃ ይወርዳል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ኮሪደሩ ላይ ዝር የሚል የለም። ሳቬሊ ግን በዚህ ሰዓት እንቅልፍ በዓይኑ ዞሮ አያውቅም። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ‘ዛሬስ ያስገቡኝ ይሆን?’ እያለ ያሰላስላል። ዛሬም በዚሁ ሐሳብ ተይዞ ሳለ ነው ከጎኑ አልጋ ሲቃ የሰማው።

የዛካር ፊት አመድ መስሏል። ካናቴራው በላብ ርሶ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። በቀኝ እጁ የግራ ክንዱን ጨምድዶ ይዞታል።

“ክንድዎን ምን ነካዎት?”

“ደንዝዞ ነው። ተኝቼበት ይሆናል። ደግሞ እርስዎ አትበለኝ ብዬህ የለም እንዴ? ሳልሞት ሐውልት ልታቆምልኝ ነው?”

ለመሳቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን ከደረቱ ሳይወጣ ቀረ።

“ሐኪሙን ልጥራ” አለ ሳቬሊ።

ዛካር ክንዱን ለቆ የልጁን እጅ አፈፍ አደረገ። መዳፉ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር።

“ስማኝ ሳቭካ። ያልፋል። ባለፈው ሳምንትም መጥቶብኝ አልፏል። ሐኪሙ ፋሪድ ከሰማ የልብ መመርመሪያ ማሽን ላይ ያጋድመኛል። አንዴ ልቡ ነው ከተባለ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይመልሰኛል? ከሕፃንነቴ ጀምሮ በረዶ ላይ ነኝ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ቤቴ ውስጥ አምፖል እንኳ የምትቀይረው ሚስቴ ናት።”

“ቢሆንም እኮ...”

“ቢሆንም የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ለራስህ አስብ። እኔ ከወጣሁ የሚገባው ማነው?”

ሳቬሊ እጁን ሊያስለቅቅ ሞከረ።

“አየህ? አንተ ነህ። ሰው ምን ይላል? ‘ልጁ ሽማግሌውን አሳብቆ ቦታውን በላ’ ይላል። እስክትሞት ድረስ በረዶው ላይ ዲስክ የሚያቀብልህ ተጫዋች አታገኝም። ስለዚህ የሆድን በሆድ። ውሃ ስጠኝ።”

ሳቬሊ ውሃ ሰጠው። ዛካር ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣና ጋደም አለ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ አልተኛም፤ የሰውየውን ትንፋሽ ሲቆጥር ዋለ።

ሳቬሊ ካሩኒን ሃያ ዓመቱ ነው። በወጣቶች ሊግ ጎል እንደ ጉድ ሲያዘንብ ዋናው ቡድን አየውና ወሰደው። ወስዶም አስቀመጠው። ሦስት ሦስት ሆነው በአራት መስመር እየተፈራረቁ የሚገቡት አጥቂዎች አሥራ ሁለት ናቸው፣ እሱ አሥራ ሦስተኛው ነው። እንደ ሰው ትጥቁን ይለብሳል፣ እንደ ሰው ያሟሙቃል፣ ከዚያ ተጠባባቂው በረኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሰው ጨዋታ ያያል። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ካልወደቀ በጨዋታ ሰዓት በረዶውን አይረግጥም። በሚቀጥለው ዓመት ለወጣቶች ሊግ ዕድሜው ያልፋል። እዚህ ካልበቀለ የሚጠብቀው ታችኛው ሊግ፣ ከዚያም የወታደር መጥሪያ ነው። ከሰፈሩ ልጆች መጥሪያ ደርሷቸው የሄዱት ደግሞ ያልተመለሱ አሉ።

እናቱ ኩርጋን በምትባል የሩሲያ ከተማ ወተት ፋብሪካ ትሠራለች። ቡድኑ በተጫወተ ቁጥር ቴሌቪዥን ፊት ትሰየማለች። ካሜራው ተጠባባቂዎቹ ላይ አለፍ ሲል ታየውና ወዲያው ትደውልለታለች። “ዛሬም አየሁህ፣ ሳቫ። አፍንጫህን ስትጎረጉር ነበር። ኧረ በጎረቤት ፊት አታዋርደኝ!” ትለዋለች። እንደዚያ ትሳቅ እንጂ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ ዝም ትላለች። እሱ የሚፈራው ያችን ዝምታ ነው።

ለእናቱም ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ነበረው። ማታ ማታ ‘ከአሥራ ሁለቱ አንዱ በወደቀልኝ’ እያለ ይመኝ ነበር። ክፉ ነገር አይደለም፤ ወለምታ፣ ጉንፋን፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ሲመኝ ደግሞ ዓይኑ የሚያርፈው ዛካር ላይ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱም ያረጀ ነው። ያው ዛካር ነበር ታዲያ ከልምምድ በኋላ አብሮት እየቀረ “ዲስኩን ተወው፣ የሚገጥምህን ሰው ወገብ እይ፤ ወገብ አይዋሽም” እያለ ያስተማረው። ዛሬ ምኞቱ ነፍስ ዘርቶ ወለሉ ላይ የተንበረከከ መሰለው።

ወደ ስታዲየሙ ሲጓዙ አውቶቡሱ ውስጥ ማንም አይናገርም፤ ደንቡ ነው። ዛካር እንደ ወትሮው በመስኮት በኩል ተቀምጦ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቷል። አምበሉ ግሌብ ዞር ብሎ ሳቬሊን አየውና ደንቡን ጣሰ።

“ምነው ልጁ፣ ፊትህ ነጣ? ዛሬ ልትጫወት ነው ያለህ ሰው አለ እንዴ?”

ከኋላ ሳቁ። ዛካርም ሳቀ። ሳቬሊ ዛካር ሲስቅ ሲያይ ‘ምናልባት እውነትም ያልፋል’ ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ።

በማሟሟቂያው ሰዓት አዳራሹ ገና እየሞላ ነበር። ተጫዋቾቹ እየዞሩ ይመታሉ፣ ከበሮ ይመታል፣ ሕፃናት በረዶውን የከበበውን መስታወት በቡጢ ይደበድባሉ። ሳቬሊ ዲስክ ሲቀበል እያመለጠው፣ ሲመታ እየሳተ፣ ዓይኑን ከዛካር ላይ መንቀል አቃተው። ዛካር ሁለት ጊዜ እንደዞረ ግድግዳውን ተደገፈ። የግራ እጁ ዱላውን ለቆ ተንጠለጠለ። ከዚያ ወደ ተጠባባቂው ወንበር ጠጋ ብሎ ከወጌሻው ከቶሊያ የአሞኒያዋን ጠርሙስ ተቀበለና አፍንጫው ሥር አደረጋት። ለመንቃት ሁሉም ይህን ያደርገዋል፤ አንዴ ሳብ አድርገው፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ ይሄዳሉ። ዛካር ግን ሳበ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደገና ሳበ። ጠርሙሷን ሊመልስ አልቻለም። እንደያዛት ቆመ።

ያን ጊዜ ሳቬሊ ገባው። ይህ ሰው አሞኒያውን የሚያሸተው ለመንቃት አይደለም፣ ላለመውደቅ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ ከሰው ጋር ይጋጫል።

ወደ መልበሻ ቤት ሲመለሱ እግሩ ራሱ ወሰደው ወይስ እሱ እግሩን፣ አያውቅም። የሐኪሙ በር ፊት ቆሞ ተገኘ። አንኳኳና ገባ። ፋሪድ ራውፎቪች ፋሻ እየቆረጠ ነበር።

“ጉሮሮ ነው? ሻይ በማር ጠጣ፣ ሂድ።”

“እኔን አይደለም።” መመለስ ይችል ነበር፤ ‘ተሻለኝ’ ብሎ መውጣት ብቻ ነው። “ዛካር ነው። ቀን ተኝተን ሳለ መተንፈስ አቅቶት ወደቀ። ክንዱ ደነዘዘ፣ ግራው። ባለፈው ሳምንትም እንደዚሁ ሆኖ ነበር አሉ። አሁንም በአሞኒያ ነው የቆመው።”

“አሞኒያ ሁሉም ያሸታል እኮ።”

“እንደሱ የሚያሸት የለም። ይምጡና ይዩት። እባክዎን።”

ሐኪሙ መቀሱን አስቀመጠ። ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

“በዓይንህ ነው ያየኸው?”

“በዓይኔ።”

“ለሌላ ሰው ነግረሃል?”

“ለማንም።”

“ለማንም እንዳትናገር። ‘ቁርጭምጭሚትህን ልይ’ ብዬ እጠራዋለሁ። ማሽኑ አገኘው እላለሁ። ደጎች ናቸው እነዚህ ሰዎች፤ አሳባቂ ግን አይወዱም። ያውም...” በጣቱ ወደ ጎን በር አመለከተ። “በዚያኛው በር ውጣ።”

ሳቬሊ በዚያኛው በር ወጣ። ከመልበሻ ቤቱ ደጃፍ ሳይገባ ቆሞ ጠበቀ። ብዙም ሳይቆይ የሐኪሙ በር ተከፈተና ዛካር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ወጣ። ማልያው በመቀስ ተቀዷል፣ ደረቱ ላይ የተለጣጠፉት የማሽኑ ገመዶች ገና አልተነሱም። በእግሬ ካልሄድኩ እያለ ይከራከራል፣ የሚሰማው ግን የለም። ሳቬሊ አጠገብ ሲደርሱ ክርክሩን ተወና ቀና ብሎ አየው።

“ደስ አለህ?” አለው በቀስታ።

ሌላ ቃል አልጨመረም። ወንበሩ አለፈ። ከኮሪደሩ ጫፍ ፋሪድ የአምቡላንሱን ሾፌር “ሳይረኑን አብራው፣ ምን ትጠብቃለህ!” ሲል ተሰማ።

ሳቬሊ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ። ሆስፒታል በጊዜ ይደርሱ ይሆን? ቀድሞ ተናግሮ ቢሆንስ ኖሮ? ከቀትር ጀምሮ አፉን ዘግቶ የዋለው ለዛካር ብሎ ነው ወይስ ለራሱ ፈርቶ? መልሱን ስላወቀው የበለጠ ፈራ።

መልበሻ ቤት ሲገባ ወሬው ቀድሞታል። ሁሉም ትጥቁን እንደለበሰ፣ ዱላውን ጉልበቱ መሐል አቁሞ ተቀምጧል። ዋና አሰልጣኙ ቫዲም ስቴፓኒች ገባ፤ አንገቱን እያሻሸ ማንንም ሳያይ ተናገረ።

“ዛካር የለም። ሆስፒታል ሄዷል። ካሩኒን፣ ሁለተኛው መስመር፣ ግራ ክንፍ። ሌላው እንዳለ ነው።”

ብሎ ወጣ። ሳቬሊ ለዓመታት ሲያልመው የኖረው ቃል ይህ ነበር። ሲሰማው ግን ደስ አላለውም።

“ማነው ለሐኪሙ የነገረው?” አለ ግሌብ።

“ማሽኑ ነው አሉ” አለ አንዱ።

“ማሽን በራሱ ተነስቶ ሰው አይጠራም። ለቁርጭምጭሚት ብሎ ደረት ላይ ገመድ የሚለጥፍ ሐኪም ደግሞ እስከዛሬ አላየሁም። አንድ ሰው አፉን ከፍቷል። ሰውየው ይህን ዓመት ጨርሶ በክብር ሊሰናበት ነበር። ‘ዛካርዬ ምን ሆንክ?’ ብሎ እሱን መጠየቅ አይቻልም ነበር?”

ዓይኑ ዙሪያውን ዞሮ በሩ አጠገብ እርጥብ ፎጣ በታቀፈው ወጌሻ ላይ አረፈ።

“ዛሬ ያሸኸው አንተ ነህ፣ ቶሊያ።”

“እኔ?” ቶሊያ ሊቀልድ ሞከረ። “እኔ እግሩን ነው ያሸሁት። ልቡ እስኪደርስማ እጄ አጭር ነው።”

የሳቀ የለም።

“አሞኒያውንም የሰጠኸው አንተ ነህ። ከጎኑ የነበርከው አንተ ነህ።”

“ግሌብ፣ ስንት ዓመት ታውቀኛለህ? እናንተ የምትሉትን ሁሉ ስሰማ ኖሬ አንድ ቀን...”

“ከዛሬ ጀምሮ” አለ ግሌብ ሌሎቹን እያየ፣ “በዚህ ሰውዬ የመታሻ አልጋ ላይ የሚተኛ እንዳላይ።”

ሁለት ሦስት ራሶች ተነቀነቁ። ወጌሻ ሆኖ የሚታሽ ካጣ ያው ተባረረ ማለት ነው። ቶሊያ ፎጣዎቹን ከደረቱ ጋር አጥብቆ ያዘ። ስድሳ የተጠጋው ሰው ነው።

ሳቬሊ ጫማውን እያየ ነበር። ዝም ቢል ማንም አይጠረጥረውም። ሐኪሙም ‘ማሽኑ አገኘው’ እንደሚል ነግሮታል። ሲነጋ ለግሌብ ብቻ በጓሮ ሊነግረው ይችላል፤ ዛሬ አንዴ ይጫወት፣ አንዴ ብቻ፣ እናቱ ሮጦ ሲያስቆጥር ትየው። ከተናገረ ግን ያለቀ ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሁለተኛው መስመር ከግራው እሱ፣ ከመሐል ደግሞ ይኸው ግሌብ ነው የሚሰለፈው። ዲስኩን የሚያቀብለው ግሌብ ነው። ዝም ማለት እንዴት ቀላል እንደሆነ ከቀትር ጀምሮ ያውቀዋል፤ ዛካር በአሞኒያ እስኪቆም ድረስ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

“እኔ ነኝ” አለ።

ድምፁ ስለተዋጠ የሰማው የለም። ሳቬሊ ተነሳ።

“ግሌብ፣ እኔ ነኝ የነገርኩት። አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። ቀን ሲወድቅ አይቼዋለሁ። ቶሊያ ምንም አያውቅም፣ ልቀቁት።”

ግሌብ ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዞረ።

“ቦታው ለአንተ እንደሚሆን እያወቅክ?”

“እያወቅኩ።”

“እንዲህ ብለህ በድፍረት ትነግረኛለህ?”

“ድፍረት አይደለም” አለ ሳቬሊ። “ፈርቻለሁ። ይሞታል ብዬ ፈራሁ። አሁንም ለእሱ እፈራለሁ፣ እናንተንም እፈራለሁ።”

የመጀመሪያው ደወል ተደወለ። አንድ በአንድ እየተነሱ በየመስመራቸው ወደ በሩ ተሰለፉ፤ በአጠገቡ ሲያልፉ ትከሻውን የነካው አልነበረም። አሥራ ሦስተኛው አጥቂ ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ነው የሚወጣው፣ ዛሬም እዚያው ኋላ መቅረት ይችል ነበር። ሳቬሊ ሄልሜቱን አጠለቀ፣ ማሰሪያውን ቆለፈ፣ ሄዶም ሁለተኛው መስመር ከሚቆምበት፣ ከግሌብ በስተግራ ቆመ።