የዘቢባ ሻንጣ

ስርጉት ጥፋቷን ያወቀችው የምሳ ሳህን እያነሳች ሳለ ነው። አሠሪዋ ሙሴ አኒስ፣ በፈረንሳይ ወግ «ሙሴ» የሚባሉት ከቱኒስ የመጡ የመርዝ ተመራማሪ፣ በስልክ ለባልደረባቸው የጥናታቸውን ውጤት ያነቡ ነበር። ከሰባት ዓመት ስደትና የሰው ቤት ሥራ በኋላ ፈረንሳይኛውም ዐረብኛውም አያመልጣትም። የዋራበሌ ሰፈር ቤቶች አቧራ ንጹሕ ነው አሉ። አጠገባቸው ያለው የአሮጌ ባትሪ መፍለጫ ግቢ የሚያሰጋ የእርሳስ ብረት ወደ ቤቶቹ አላስገባም። ጥናቱ ነገ በጉባኤ ይቀርባል፣ ከዚያ ለከተማው ሹሞች ይሰጣል፣ ግቢውም ባለበት ይቀጥላል።

ሳህኑ እጇ ላይ ከበዳት። እነዚያን ቤቶች ያስጸዳችው እሷ ናት።

ከሁለት ወር በፊት ሙሴ አኒስ የአቧራ ናሙና የሚወስዱባቸውን ነጫጭ ጨርቆች ይዘው ዋራበሌ ሊሄዱ ሲሉ፣ ቀድማ ለሴቶቹ እንድትነግርላቸው ላኳት። ጓደኛዋ ዘቢባ እዚያ ትኖራለች፤ ባሏ ከይረዲን ከዶራሌ ወደብ አዲስ አበባ ከባድ መኪና ይነዳል። ስርጉትም በር ለበር እየዞረች «ነገ እንግዳ አለባችሁ፣ አታሳፍሩን» አለች። ሐበሻ እንግዳ ይመጣል ከተባለ በኋላ ምን እንደሚያደርግ መንገርም አያስፈልግ። ሶማሌዎቹ ጎረቤቶችም ከእኛ አላነሱም። ምንጣፍ ተራገፈ፣ መስኮት ተወለወለ፣ ውኃ በጄሪካን በሚቀዳበት ሰፈር ወለሉ በኦሞ ታጥቦ በበረኪና ተደገመ። ሙሴ አኒስ ነጩን ጨርቅ እንደነጣ ይዘው ተመለሱ። ስርጉት ያን ቀን ደረቷን ነፍታ ነው የዋለችው።

የዘቢባ ልጅ እንቁ አራት ዓመቷ ነው። አምና «እማ ነይ» ትል የነበረች ልጅ ዘንድሮ አፏ ተያዘ፤ ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች። ሐኪሙ ደሟ ውስጥ እርሳስ አለ ብሏል። ግቢው ካልተነሳ እዚያው መርዝ ላይ ነው የምታድገው፤ ዘቢባ ሌላ መግቢያ የላትም።

ስርጉት ስልኩ ሲዘጋ ለሙሴ አኒስ ሁሉንም ነገረቻቸው። አዳመጧት፣ ግንባራቸውን አሹ፣ ግን ጥናቱ ተጽፎ አልቋል አሉ። ቁጥር በወሬ አይቀየርም አሉ። ነገ በጉባኤው ሻይ የምታቀርበው እሷ መሆኗን አስታውሰዋት ወጡ። ተናደደች። በእሳቸውም በራሷም ተናደደች።

ወዲያው ዋራበሌ ሄዳ በረኪና ያልነካው ነገር ፈለገች። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የዘቢባ ሻንጣ አለ፤ እንቁ ሳትወለድ አገር ቤት ልትገባ ሸክፋው፣ ዛሬ ነገ ስትል እዚያው የቀረ። ለእንግዳ ሲጸዳ እዚያ ድረስ የደረሰ እጅ የለም። ዘቢባ አቧራውን ስታይ አፍራ ጨርቅ አነሳች። ስርጉት እጇን ያዘቻት፤ ሻንጣውን በቀስታ አውርዳ፣ በንጹሕ አንሶላ እንደ ሕፃን ጠቅልላ ይዛው ወጣች።

በማግስቱ ጉባኤው የጥናት ዓይነት አላጣም። አንዱ የስነ ልቦና ምሁር ሹፌር ወረፋ ላይ ሲቆም እንደሚበሳጭ አረጋገጠ፤ ከይረዲንን ቢጠይቀው በነፃ ይነግረው ነበር። ሌላው የከተማው ወንዶች ከሰዓት በኋላ በጫት እንዴት እንደሚዝናኑ በሥዕል አስረዳ። የፊዚክስ ምሁሯ ዶክተር ሩቅያ ግን ሽጉጥ የምትመስል መሣሪያ ይዘው ነበር፤ ወደ ዕቃ ካነጣጠሯት ምን ብረት እንዳለበት ወዲያው ትናገራለች። የሰዉን ቀለበትና ቁልፍ እያነበቡ ሲያስቁ፣ ስርጉት ትሪዋን እንደያዘች ልብ ብላ አየች።

ሙሴ አኒስ መድረክ ወጥተው «ንጹሕ ነው» ሲሉ ትሪውን አስቀመጠች። ሻንጣውን ማለዳ ከደበቀችበት ከመጋረጃው ጀርባ አምጥታ ፊታቸው ጠረጴዛ ላይ አኖረችና አንሶላውን ገለጠች። የመኖሪያ ወረቀቷ በእኚህ ሰው እጅ ነው። ቢሆንም በፈረንሳይኛዋ ተናገረች።

«የለካችሁት ዋራበሌን አይደለም፣ የእኛን በረኪና ነው። አጽዱ ያልኳቸው እኔ ነኝ። የዋራበሌ አቧራ ይኸውላችሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሠራተኛዋን አስወጧት አለ። አልወጣችም። ዶክተር ሩቅያ ተነሥተው መሣሪያዋን ወደ ሻንጣው አነጣጠሩ፤ ቁጥሩን ሁለቴ ለራሳቸው አነበቡ፣ ሦስተኛውን ጮክ ብለው፤ እርሳሱ ከሚያሰጋው መጠን እጅግ አልፏል። ሙሴ አኒስ ቀርበው ቁጥሩን በዓይናቸው አዩት፤ ከዚያ ወረቀታቸውን አጥፈው፣ ጥናቱን ሰርዣለሁ፣ እንደገና ዋራበሌ እንሄዳለን ብለው ወረዱ። ስርጉትን ለሦስት ቀን አላነጋገሯትም፣ ግን አላባረሯትም።

በዚህኛው ዙር ለሴቶቹ የተነገራቸው ሳምንት ሙሉ እንዳይጠርጉ ነው። ለዘቢባ ከዚህ የባሰ ቅጣት አልነበረም። በቀጠሮው ጠዋት የተመራማሪዎቹ መኪና ደጃፍ ሲቆም እንቁን አስቀምጣ መጥረጊያውን አነሳች።

«በዚህ ቆሻሻ ላይ እንግዳ ላስገባ?» አለች፣ ዕንባዋ እየመጣ።

«ተይው፣ ይዩት» አለች ስርጉት። መጥረጊያውን ከእጇ ወስዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።