የኤድመንተኑ ፓምፕና የኤልፍነሽ እጅ

ኤልፍነሽ ለንደን ውስጥ ከቶተንሃም አውቶቡስ ይዛ ኤድመንተን ስትደርስ፣ የወንድሟ ልጅ ኤዶም እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ስልክ ላይ ትለማመጣለች።

ሦስት ቀን የጣለው ዝናብ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውን ወንዝ ከመንገዱ አውጥቶ ግቢው ላይ አስተኝቶታል። መጋዘኑ ውስጥ ኤዶም የሐበሻ ቀሚስ የምትጠልፍባቸው አራት ትልልቅ ማሽኖች አሉ። ጨርቁን ቫን ላይ ጭነውታል። ማሽኖቹን ግን ስምንት ወንድ አይነቀንቃቸውም፤ ሞተራቸውም ከወለሉ ከፍ የሚለው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። ውሃው እዚያ ከደረሰ ኤዶም ስድስት ዓመት የለፋችበት ቤት ይዘጋል።

ግቢው ጥግ፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ በኪራይ የመጣ የናፍጣ ፓምፕ ቆሟል። ጋሪ ያህላል። ቱቦው ውሃው ውስጥ ተዘርግቷል፤ ቁልፉን ሲያዞሩት ግን ጠቅ ይላል እንጂ አይነሳም።

«ባትሪው ሞቷል እትዬ። የአከራዮቹ ኢንጂነር ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ዌይት አድርጉ አሉኝ።»

«ከሁለት ሰዓት በኋላማ ማሽንሽ ላይ ዓሣ ታጠምጃለሽ።»

የቫኑ ሾፌር ደምመላሽ፣ ከኤዶም ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልክ ጎረምሳ፣ የባትሪ ገመድ በትከሻው ጥሎ መጣ። «እማማ፣ እርስዎ ቫን ውስጥ ገብተው ይሙቁ። በጌታ ስም አስነሳዋለሁ።»

«መጀመሪያ ቫንህን አጥፋ! ጌታ ቁልፍ አያዞርልህም። ደግሞ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብልኝ፤ የሁለቱንም።»

«ይሄ አሥራ ሁለት ቮልት። ያም አሥራ ሁለት።»

«ይሁን። ያኛው ሃያ አራት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤትህ በእግርህ ነበር የምትገባው።»

ደምመላሽ የቀዩን ገመድ ጫፎች በሁለቱም ባትሪዎች ፖዘቲቭ ላይ አስነከሰ። ጥቁሩን ከቫኑ ባትሪ አያይዞ ሌላውን ጫፍ ወደ ሞተው ባትሪ ሲያስጠጋ፣ ኤልፍነሽ አንጓውን መታችው።

«እዚያ አይደለም! ባትሪ ይተነፍሳል፤ ብልጭ ካለ ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳው። ራቅ አድርገህ፣ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ቀለም የሌለበት ቦታ።»

«ዩቲዩብ ላይ እኮ እንደሱ...»

«ዩቲዩብ መቂ ነበር?»

እሷ ነበረች። በደርግ ጊዜ መቂ ላይ፣ ፊደል ሳትቆጥር፣ ለአርባ አባወራ ሽንኩርት ከዝዋይ ሐይቅ በናፍጣ ፓምፕ ውሃ የምትስበው እሷ ነበረች። አንድ ጠዋት የማኅበሩ ሊቀመንበር «ጋዝ ስጪው፣ ምን ያንቀረፍፍሻል!» ብሎ ጮኸባት። ፈራችውና ሰጠች። ቀዝቃዛው ሞተር ጓ ብሎ ተጣብቆ ቀረ። የአርባ ቤት ሽንኩርት ማሳው ላይ ደረቀ። ሊቀመንበሩን ማን ይናገረዋል፤ በክፉ የተነሳው ስም የእሷ ነው።

የቫኑ ሞተር ተነሳና ለሞተው ባትሪ ትንፋሽ እንዲሰጥ ጥቂት ቆዩ። «አሁን ቁልፉን ግማሽ ድረስ። የማሞቂያው መብራት ሲጠፋ ሙሉውን። እስከ አሥር ቆጥረህ ካልተነሳ ልቀቀው፤ ይረፍ።»

መጀመሪያ እምቢ አለ። አሳረፉት። በሁለተኛው ተንቀጠቀጠና ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ደምመላሽ «ሃሌ ሉያ!» ብሎ ጋዙ ላይ ሲንደረደር የጋዙን ማንሻ ቀድማ የያዘችው ኤልፍነሽ ሆና ተገኘች።

«ገመድህን ንቀል። መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። ጋዙን የሚነካ እጅ ግን እቆርጣለሁ። ኤዶም፣ ቀዩ የዘይት መብራት ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል! ጋዝ ስጪው እንግዲህ!»

«ገና ነው።»

ፓምፑ በሚኒሞ፣ በቀስታ ያጉረመርማል፤ ከቱቦው የሚወጣው ውሃ የሕፃን ሽንት ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ግን የመጋዘኑን ደፍ አልፎ ወለሉ ላይ ከፍ እያለ ነው። ኤዶም ሮጣ ገብታ ሮጣ ወጣች።

«እትዬ ፕሊስ! ሞተሮቹን ሊነካ አራት ጣት ነው የቀረው!»

«አልቅሺ። ሞተሩ ግን አይሰማሽም።»

ኤልፍነሽ ጎንበስ ብላ የሞተሩን ድምፅ አዳመጠች። ብታበላሸውስ? ያኔ ቸኩላ አቃጠለች፤ አሁን ዘግይታ ብታሰጥምስ? ማራገቢያውን ሸሽታ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ። ደምመላሽ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ ይጸልይ፣ እጁን እስካላስገባ ድረስ። ብረቱ ለብ አለ።

«ሦስት ጣት!»

ጭሱ ከነጭነት ወደ ምንም ሄደ። ድምፁም ከሳል ወደ ጤነኛ ትንፋሽ ተለወጠ። መዳፏ ሥር ያለው ብረት ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ሲሞቅ፣ ኤልፍነሽ ማንሻውን ገፋች። ትንሽ። ደግሞ ትንሽ። ከዚያ እስከ ጥጉ።

ቱቦው እንደ እባብ ዘለለና ውሃውን ከአጥር ውጭ ያለው የፍሳሽ ቦይ ውስጥ እያጓራ ተፋው። ኤዶም ከማሽኖቿ እግር ሥር ተንበርክካ በጣቷ ትለካለች። ሦስት ጣት። ብዙ ቆይቶ፣ ሦስት ጣት። ከዚያ አራት። ማሽኑን አቅፋ ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደገፈች።

ኢንጂነሩ ሲመጣ የግቢው ድንጋይ መታየት ጀምሮ ነበር። ፓምፑን ዞረው፣ አዳመጠው፣ መሣሪያ ሳጥኑን ሳይከፍት ቆመና ኤዶምን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቃት።

«ማን አስነሳው አለኝ፤ እሷ ናት አልኩት። ሰርተፍኬት አላት ወይ? ይላል፣ እትዬ።»

ኤልፍነሽ ካልሲዋ እንደራሰ ከፓምፑ ጎን ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች፤ አንድ እጇ አሁንም ማንሻው አጠገብ ነው።

«ደረቅ ካልሲ አለው ወይ በዪው።»