የማርያም ዕለት ቀለብ

ጋሽ ታረቀ በማርያም ቀን አይሠሩም። አይሥሩ! ግን የላቦራቶሪውን ቁልፍ ይዘው ቤታቸው መቀመጣቸው አንጀቴን አሳረረው።

እኔ የማሳድገው ከሰው ዓይን የተገኙ ሴሎችን ነው። ሳሙናና ሻምፖ ዓይን ያቃጥል እንደሆነ የምንፈትነው በእነሱ ላይ ነው። ቀለባቸው የሆነው ፈሳሽ በሰዓቱ ካልተቀየረ ይሞታሉ። ይህን ስንት ጊዜ ልናገር? ትርፍ ቁልፍ ይስጡኝ ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ንብረት ክፍል እኔ ነኝ፤ ቁልፍ ከእጄ አይወጣም።»

ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ለላማቸው ድርቆሽ እየሰጡ ነበር።

«ይሄስ ሥራ አይደለም?» አልኳቸው።

«ነፍስ ያለው ነገር በበዓል ይራብ እንዴ፣ ሂዊ?»

«የእኔዎቹም ነፍስ አላቸው! እየተራቡ ነው!»

ድርቆሹን ጥለው፣ ጋቢያቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ፣ ከእኔ ቀድመው ወደ ላቦራቶሪው ገሠገሡ። ቀለቡን ስቀይር አጠገቤ ቆመው ሴሎቹ ያሉበትን ሳህን እያዩ «አይዟችሁ» ሲሉ ሰማኋቸው።

በማግስቱ በሩን ሲከፍቱልኝ፣ ሴሎቹ እንዴት እንዳደሩ ሊያዩ ተከትለውኝ ገቡ። እኔ ደግሞ ለፍተሻ ከደጀን ከተማ የመጣውን ፈሳሽ ሳሙና ሴሎቹ ላይ ጠብ አደረግሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየፈተንኩ ነዋ! ስንቱ እንደሚሞት አያለሁ። የማሳድጋቸው ለዚህ አይደል?»

ሳህኑን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ቁልፉን ከዘለላው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ከእንግዲህ ራስሽ ክፈቺ» አሉኝ፤ «እኔ የለሁበትም።»