የለቅሶ ያለህ!

እኔ አማከለች፣ በፎገራ ሜዳ ያላስለቀስሁት ለቅሶኛ የለም። ሟቹን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ሙሾዬን ሲሰማ ቆሞ ያነባል። በዚህ ሙያዬ ተከብሬ ስኖር፣ በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ የእህቴ ልጅ አለምነህ ወረታ ከተማ ላይ ከመኪና ወርዶ ሻንጣ የሚያህል ብረት ተሸክሞ መጣ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልሁት።

«ድምፅ መቅረጫ ነው፣ እቴቴ።»

አለምነህ እናቱ ከሞተች ወዲህ እኔው ያሳደግሁት ልጅ ነው። አዲስ አበባ ሙዚቃ ይማራል። «ሙዚቃ ደግሞ ትምህርት ሆነ? አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብዬ ሁለት ዓመት አኩርፌው ነበር። አሁን ደግሞ ባሰበት። ከተማሪዎቹ አንዱን ለአንድ ዓመት ባሕር ማዶ ሊልኩ ነው፤ የሚመረጠውም የአገሩን ዜማ ቀርጾ ካመጣው ሁሉ የተሻለው ነው። ጓደኞቹ የሠርግ ዘፈን ሲሻሙ፣ የኔው ጉድ «የአክስቴን ሙሾ አመጣለሁ» ብሎ ለአስተማሪው ፈርሟል።

«በይ አልቅሺልኝ» አለኝ፣ ዘነዘና የመሰለ ነገር አፌ ላይ ደቅኖ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«በስመ አብ! ሰው ሳይሞት ይለቀሳል? ሟርተኛ ልታሰኘኝ ነው?»

ለቅሶ እኮ እንደ ዘፈን ልምምድ የለውም። ሰው ሳይሞት ሙሾ ያወጣች አልቃሽ ሞትን በስሙ ጠርታ ቤት አስገባች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በመንደሩ ጥጃ ቢሞት «አማከለች ናት» መባሌ አይቀርም። ለባሕር ማዶ ብዬ ጎረቤት አልፈጅም!

«እንግዲያው ሰው እስኪሞት እጠብቃለሁ» አለ። መቅረጫውን ይዞ የሚመለሰው ግን በመጣ በስምንተኛው ቀን ነው።

ጉድ እኮ ነው፤ ያን ሰሞን ፎገራ ላይ ሞት ጠፋ! የቀረ ተስፋ ቢኖር ጎረቤታችን አባ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። ከገና ወዲህ አልጋ ይዘው፣ ቄስ ሁለት ጊዜ መጥቶላቸው ነበር። አለምነህ ማለዳ ማለዳ ሊጠይቃቸው ይሄዳል። ሞታቸውን መጠበቁ ሲከነክነው ደግሞ ማር ይወስድላቸዋል፣ ወተት ይወስድላቸዋል፣ ተቀምጦ ያጫውታቸዋል። ሰፈሩ ሁሉ «እንዲህ ያለ ቡሩክ ልጅ!» ይላል። የሚጠብቀውን የማውቅ እኔ ብቻ።

በስድስተኛው ቀን ሽማግሌው ድነው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከደጃችን ከች አሉ። አለምነህ ሲያያቸው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው ልጄ፣ መዳኔ ደስ አላለህም?»

መዋሸት አያውቅም፤ ሁሉንም ዘረገፈላቸው። እኔስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እሳቸው ግን ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«ማሩ ለዚህ ኖሯል! በል ልጋደምልህና ታልቅስልኝ፤ የምትለውንም ልስማው።»

«እርስዎ ደግሞ! አሁን ከሞት አፍ ወጥተው?»

«እሺ አታልቅሺ። ብቻ ሞቼ ቢሆን ምን ልትዪኝ ነበር? ጀግና?»

«ምን ገድለው?»

«ጅብ!»

«ጅቡ ጉድጓድ ገብቶ ነው የሞተ። መቼም አባ፣ እኔ ሬሳ ፊት አልዋሽም።»

ተቀየሙኝ። ከዘራቸውን አንሥተው ውልቅ አሉ።

በማግስቱ አለምነህ ብረቱን በገመድ ሲያስር ዋለ።  ልጅነቱን ሁሉ በጫንቃዬ ያሳደግሁት ልጅ በኔ ምክንያት ከባሕር ማዶ ሊቀር ነው እያልሁ ስንቁን ቋጠርሁለት። ወዲያው አባ ወልደ ሥላሴ ተመልሰው መጡ፤ ቂማቸውን ሊወጡብኝ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ሰው ካልሞተ አላለቅስም አልሽ። ደግ። ወባ አገሩን በፈጀበት ዓመት ስንቱን ያለ ለቅሶ ቀበርን? እህትሽንስ? የዚህን ልጅ እናት ማን አለቀሰላት?»

እውነታቸውን ነበር። እህቴ ገላነሽ የሞተች ዕለት እኔ በትኩሳት ራሴን ስቼ ነበር። ነፍስ ስዘራ ከተቀበረች ሦስት ሳምንት አልፏታል፤ በየቤቱ ሬሳ፣ ማን የማንን ለቅሶ ይደርሳል? ልጇን ይዤ ሽምብራዬን ልዘራ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለአገሩ ሁሉ ሳለቅስ ለእሷ አንዲት ስንኝ አላወጣሁም።

«ፍታው ያን ብረት» አልሁት።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ መሬት ቁጭ አልሁ።

*ዝም ብለሽ ሄድሽ ወይ፣ እህቴ ገላነሽ፣*
*አልቃሽ እህት ይዘሽ ማን አለቀሰልሽ?*

ከዚህ ወዲያ ማን ያቁመኝ! አለምነህ መቅረጫውን ትቶ ይንሰቀሰቃል። አባ ወልደ ሥላሴ ደረታቸውን እየደቁ «ለእኔም እንዲሁ አድርጊልኝ! ጅቡንም አትርሺ!» ይላሉ፤ እሱም አብሮ ተቀረጸ።

መጋቢት ላይ ደብዳቤው ደረሰኝ። ተመርጧል። «ለቅሶሽ የተቀረጸበትን ክር ይዤው እሄዳለሁ፤ እዚያም ሊሰሙት ይፈልጋሉ» ይላል። ደብተራ ጠርቼ መልሱን አስጻፍሁ፦

«እናትህ ከጉማራ ወንዝ ወዲያ ተሻግራ አታውቅም። መንገዱ ይደነግራታልና ከእጅህ አትለያት።»